አሮጌ ኮምፒውተርን ከማብራት በፊት፦ የፓወር ሰፕላይ ፍተሻ ታሪክ

አሥርተ ዓመታትን በመጋዘን ያሳለፈ ኮምፒውተር ወደ ጥገና ጠረጴዛ ሲመጣ፣ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ወዲያው ሶኬት ላይ አይሰኩትም፤ ሽፋኑን ከፍተው ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ዝቅ አድርጎና አስተካክሎ ለማሽኑ የሚያድለውን ክፍል፣ ከቀረው አካል ይለዩትና ለብቻው ይፈትሹታል። ይህ አሠራር ዛሬ በሙዚየሞችም በግል ሰብሳቢዎችም ዘንድ እንደ ደንብ የጸና ቢሆንም፣ በአንድ ጊዜ ወይም በአንድ ሰው የተደነገገ አይደለም። አንዳንዱ ክፍሉ ከቫኪዩም ቲዩብ ዘመን ቤተ ሙከራዎች፣ አንዳንዱ ከሬዲዮ ጠጋኞች ሱቅ፣ ሌላው ደግሞ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከወጡ የቤት ኮምፒውተሮች ብልሽት የተገኘ ነው። የፓወር ሰፕላዩ አሠራር በየዘመኑ ሲለወጥ ፍተሻውም አብሮ መለወጥ ነበረበት፤ ይሁን እንጂ የሰው ልማድ ከመሣሪያው ዘግይቶ ስለሚለወጥ፣ ለአንዱ ዘመን ማሽን ትክክለኛ የነበረው ጥንቃቄ ለሚቀጥለው ዘመን ማሽን አሳሳች፣ አልፎ አልፎም ጎጂ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሽንን ማብራት ራሱ አደጋ ያለበት ሥራ መሆኑ የታወቀው ገና ከጅምሩ ነበር። በ1946 በፊላደልፊያ የተመረቀው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር ወደ 18,000 የሚጠጉ ቫኪዩም ቲዩቦችን ይዞ 150 ኪሎዋት ገደማ ይወስድ ነበር። ቫኪዩም ቲዩብ አየር በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ በሚግል ክር አማካይነት የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቆጣጠር ክፍል ሲሆን፣ ክሩ በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር እየተሳሳበ ስለሚዳከም አብዛኛው ብልሽት የሚከሰተው ማሽኑ በሚበራበትና በሚጠፋበት ሰዓት ነበር። መሐንዲሶቹ ያገኙት መፍትሔ ቀላል ነበር፦ አለማጥፋት። ኤኒያክ ወደ አበርዲን ተዛውሮ በ1947 ዳግም ከተነሣ በኋላ እስከ ጥቅምት 1955 ድረስ ያለማቋረጥ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ በርቶ ቆይቷል። ወጪው የመንግሥት ስለነበረ ይህን ማድረግ ተችሏል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ግን በየምሽቱ ጠፍተው በየጠዋቱ መብራት የሚጠበቅባቸው ማሽኖች ነበሩ።

ከዚህ የተሻለው ሐሳብ የመጣው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በጄይ ፎረስተር መሪነት ከተሠራውና በ1951 ሥራ ከጀመረው ዊርልዊንድ ከሚባለው ኮምፒውተር ነው። የዊርልዊንድ መሐንዲሶች ለማሽኑ ክፍሎች የሚደርሰውን ቮልቴጅ ሆን ብለው ከመደበኛው ከፍና ዝቅ እያደረጉ ማሽኑ ሙከራውን ማለፍ አለማለፉን ይመለከቱ ነበር፤ በመደበኛው ቮልቴጅ ደኅና የሚሠራ ግን ያረጀ ቲዩብ፣ ቮልቴጁ በጥቂቱ ሲዛነፍ ስለሚሳሳት፣ ሥራ ላይ እያለ ከመበላሸቱ በፊት ይታወቅና ይለወጣል። በዚህ የዳር ድንበር ፍተሻ ሊባል በሚችለው ዘዴ ፓወር ሰፕላዩ ተመርማሪ ብቻ ሳይሆን መርማሪም ሆነ። ከዊርልዊንድ ሰዎች አንዱ የነበረው ኬን ኦልሰን በ1957 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽንን ሲመሠርት ይህን ልማድ ይዞት ሄዷል፤ የኩባንያው የመጀመሪያ ኮምፒውተር የሆነው ፒዲፒ-1 ትራንዚስተሮቹ የሚያገኙትን ቮልቴጅ ጠጋኙ በእጁ እያዛነፈ የሚፈትሽበት መቆጣጠሪያ ተበጅቶለታል። የኋላ ዘመን የቤት ኮምፒውተር ሠሪዎች ይህን የመሰለ ነገር ከማሽኖቻቸው ማስቀረታቸው የዋጋ ጉዳይ እንጂ የእውቀት ማነስ አልነበረም።

ሁለተኛው የልማዱ ምንጭ የሬዲዮ ጥገና ነው። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሬዲዮ ከባትሪ ተላቅቆ በግድግዳ ኤሌክትሪክ መሥራት ሲጀምር፣ ከግድግዳ የሚመጣው አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተመለሰ በኋላ ሞገዱን የሚያለሰልስ ትልቅ ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል እያጠራቀመ የሚለቅ ክፍል፣ አስፈለገ። ለዚህ የተመረጠው ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ውስጡ ሁለት የአሉሚኒየም ቅጠሎችና በመካከላቸው በኬሚካል ፈሳሽ የተነከረ ወረቀት ይገኛል። ሁለቱን የሚለያያቸው ወረቀቱ ሳይሆን፣ በአንደኛው ቅጠል ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲበቅል የተደረገ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ የሽፋኑ ውፍረት ለእያንዳንዱ ቮልት ከአንድ ናኖሜትር ብዙም የማይበልጥ ነው። ካፓሲተሩ ለዓመታት ያለ ሥራ ሲቀመጥ ይህ ሽፋን ይሳሳል። ያን ጊዜ ሙሉ ቮልቴጅ በድንገት ቢሰጠው ኤሌክትሪክ በሽፋኑ በኩል ይፈስሳል፣ ካፓሲተሩ ይግላል፣ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ይለወጣል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። በአንጻሩ ቮልቴጁ በዝግታ ከፍ እንዲል ቢደረግ ሽፋኑ ፋብሪካ ውስጥ በተሠራበት በዚያው ሂደት ራሱን ያድሳል። አሮጌ ዕቃን ቀስ ብሎ የማንቃት ልማድ መነሻው ይህ የኬሚስትሪ ባሕርይ ነው።

ለዚህ ሥራ ሁለት መሣሪያዎች ታወቁ። አንደኛው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጄኔራል ሬዲዮ በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤድዋርድ ካርፕለስ የፈለሰፈው ቫሪያክ ነው፤ ይህ በመዘውር እየተዞረ ከዜሮ ጀምሮ እስከ ግድግዳው ቮልቴጅና ከዚያም ጥቂት በላይ የሚሰጥ ትራንስፎርመር ነው። ሁለተኛው የገንዘብ አቅም የማይጠይቀው ተራ አምፖል ነው። ባለ ክር አምፖል ከሚፈተሸው ዕቃ ጋር በተከታታይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ ካለፈ በኋላ ወደ ዕቃው እንዲሄድ ሆኖ፣ ይያያዛል። ክሩ ሲበርድ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው እንቢታ፣ ትንሽ ሲሆን ሲግል ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል፤ ስለዚህ ዕቃው ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ለቅጽበት በርቶ ይፈዝዛል፣ ዕቃው ውስጥ ሾርት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በአቋራጭ የሚያልፍበት ብልሽት፣ ካለ ደግሞ አምፖሉ በሙሉ ድምቀቱ ይበራና የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይገድባል። በ220 ቮልት አገር አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል ከግማሽ አምፔር በታች ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ ሊነድ ይችል የነበረ ትራንስፎርመር ይተርፋል። ፊውዝ እንኳ ይህን አያደርግም፤ ፊውዝ የሚቆርጠው ጉዳቱ ከተጀመረ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒውተሮች ለዚህ የሬዲዮ ዘመን ልማድ የተፈጠሩ ያህል ይስማሙት ነበር። በ1975 በኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ የወጣው አልቴር 8800 ከባድ ትራንስፎርመርና ትልልቅ ካፓሲተሮች ያሉት ማሽን ሲሆን፣ ለየሰሌዳው 8 ቮልት ገደማ ያልተስተካከለ ኤሌክትሪክ ያሰራጭና በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ያለ ሬጉሌተር፣ ማለትም ቮልቴጅን በአንድ ልክ የሚያጸና ክፍል፣ ወደ 5 ቮልት ያወርደው ነበር። ትርፉን ቮልቴጅ ሬጉሌተሩ ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ብክነቱ ብዙ ነበር። ለጠጋኙ ግን ይህ አሠራር ምቹ ነበር፦ ሰሌዳዎቹ ይነቀላሉ፣ ቫሪያኩ በዝግታ ይዞራል፣ የውጤቱ ቮልቴጅም ከመግቢያው ጋር በተመጣጣኝ ልክ ከፍ ሲል በቴስተር ይታያል። በመግቢያና በመውጫ መካከል ያለው ግንኙነት ቀጥተኛ በመሆኑ፣ በግማሽ ቮልቴጅ የታየው ጠባይ በሙሉ ቮልቴጅ የሚሆነውን አስቀድሞ ይናገር ነበር።

ይህ ግንኙነት የተቋረጠው በስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ መምጣት ነው። በ1977 የወጣው አፕል ቱ ሮድ ሆልት በነደፈው 38 ዋት በሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ይሠራ ነበር፤ ስቲቭ ጆብስ ማራገቢያ የሌለበትና ጸጥ ያለ ኮምፒውተር ስለፈለገ፣ ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ አስፈልጎ ነበር። በዚህ ዓይነቱ አሠራር ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመር ሳይወርድ በቀጥታ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለሳል፤ በ220 ቮልት አገር ይህ 310 ቮልት ገደማ ይሆናል። ከዚያ አንድ ትራንዚስተር ይህን ከፍተኛ ቮልቴጅ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያበራና እያጠፋ ይከትፈዋል። ድግግሞሹ በዚህ መጠን ከፍ ሲል በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ ትራንስፎርመር የከባዱን ሥራ ይሠራል። ለሆልት ንድፍ በታኅሣሥ 1978 የአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል፤ ጆብስም ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ ይህን ንድፍ እንደቀዱ አድርጎ መናገሩ በዋልተር አይዛክሰን በተጻፈው የሕይወት ታሪኩ ሰፍሯል። ይህ አባባል ግን የተጋነነ ነው። ከአፕል በፊት በነበሩት ዓመታት በትልልቅ ኮምፒውተሮችና በመለኪያ መሣሪያዎች ላይ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ይገኝ ነበር፤ ለውጡን ያመጣውም ከሁሉ በላይ ከፍተኛ ቮልቴጅን በፍጥነት መቆራረጥ የሚችሉ ትራንዚስተሮች በርካሽ መገኘታቸው ነው። የአፕል ድርሻ ዘዴውን ወደ ተራ ሰው ቤት ማስገባቱ ነው፤ ይህም ለጥገናው ታሪክ ከፈጠራው ያልተናነሰ ቁምነገር ነው፤ ምክንያቱም 310 ቮልት የተጠራቀመበት ካፓሲተር አብሮ ወደ ቤት ገባ።

ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ መውጫውን በየቅጽበቱ እየተመለከተ አሠራሩን የሚያስተካክል በመሆኑ የሚወስደው ጠቅላላ ኃይል ብዙም አይለዋወጥም፤ ስለዚህ የመግቢያው ቮልቴጅ ሲቀንስ የሚስበው ከረንት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ይጨምራል። የሬዲዮ ጠጋኙ ትምህርት እዚህ ላይ ይገለበጣል፦ ቫሪያኩን በዝግታ ማዞር ለማሽኑ መራራት መስሎ፣ ትራንዚስተሩን ከመደበኛው በላይ ከረንት እንዲሸከም ያስገድደዋል። ከተወሰነ ቮልቴጅ በታች ደግሞ መቆጣጠሪያው ጭራሽ አይነሣም፣ ወይም እየተነሣ እየወደቀ ያንገራግራል። በአምፖል ሲፈተሽም እንዲሁ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ከረንት ሲስብ አምፖሉ ይግላል፣ አምፖሉ ሲግል የሚያልፈው ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ፓወር ሰፕላዩ የባሰ ይስባል፣ በመጨረሻም ጤነኛው ዕቃ የተበላሸ ይመስላል። ያም ሆኖ አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልሆነም፤ የመግቢያው ክፍል ሾርት መሆን አለመሆኑን በመጀመሪያው ቅጽበት መናገሩን ቀጥሏል። ካፓሲተርን ቀስ ብሎ የማደስ ሥራ ግን ካፓሲተሩን ከሰሌዳው ነቅሎ፣ በሬዚስተር በኩል ለብቻው ቮልቴጅ መስጠትን የሚጠይቅ ሆነ። የድሮውን ልማድ ከነምክንያቱ ያልተማሩ ሰዎች ይህን ልዩነት ሳያዩ በሁሉም ዓይነት ማሽን ላይ ቫሪያክ ሲያዞሩ ኖረዋል፤ እስከ ዛሬም የሚያዞሩ አሉ።

ለፈታሹ ሕይወትም አዲስ ሕግ አስፈለገ። የመግቢያው ክፍል ከግድግዳው ኤሌክትሪክ በምንም ስላልተለየ፣ ሞገድን በሥዕል የሚያሳየው የኦሲሎስኮፕ የመሬት ሽቦ እዚያ ላይ ቢነካ ሾርት ይፈጠራል፤ ስለዚህ ቮልቴጁን ሳይለውጥ ከመሬት ጋር ያለውን ግንኙነት ብቻ የሚቆርጥ ማግለያ ትራንስፎርመር የግድ ሆነ። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ሙሉን ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ከመንካት በፊት በሬዚስተር ማራገፍና ባዶ መሆኑን በቴስተር ማረጋገጥ ተለመደ። አንዱን እጅ ኪስ ውስጥ አድርጎ በሌላው መለካት፣ ኤሌክትሪክ ከእጅ ወደ እጅ በልብ በኩል እንዳያልፍ የሚደረግ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጠጋኞች የመጣ ጥንቃቄ ሲሆን፣ ከድሮው ትምህርት ሳይለወጥ የቀጠለው አንዱ ይህ ነው።

በነሐሴ 1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር 63.5 ዋት የሚሰጥ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ነበረው፤ በእርሱም ላይ ሌላ ችግር ታየ። መውጫው ላይ ኤሌክትሪኩን የሚወስድ ጭነት ከሌለ መቆጣጠሪያው ሥራውን ያቆማል። ለብቻው ተነቅሎ ሲፈተሽ የሞተ የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው፤ ስንት ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ በዚህ ምክንያት እንደተጣለ መገመት አያዳግትም። ከዚህ የተነሣ ምትክ ጭነት መስጠት፣ ማለትም በማዘርቦርዱ ፋንታ ከፍተኛ ዋት የሚችል ሬዚስተር ወይም የመኪና አምፖል ማያያዝ፣ የፍተሻው ማዕከል ሆነ፤ በ5 ቮልት መውጫ ላይ የሚያያዝ ባለ 1 ኦም ሬዚስተር 5 አምፔር ይወስዳል፣ 25 ዋትም ያግላል። በዚህ ማሽን ላይ የሚያጋጥመው ሌላው ብልሽት ከፓወር ሰፕላዩ ውጭ ነው፤ በማዘርቦርዱ የ12 ቮልት መስመር ላይ የተተከሉት ታንታለም የተባለው ብረት ያለባቸው ትንንሽ ካፓሲተሮች ከረጅም ዕረፍት በኋላ ሾርት ይሆናሉ፣ አንዳንዴም በፍንዳታ ይቃጠላሉ። ፓወር ሰፕላዩ ይህን ሾርት ሲያይ ራሱን ስለሚያጠፋ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ሁለቱ ተለያይተው ሲፈተሹ ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ የፍተሻው ዓላማ በዋናነት እሳትንና ፍንዳታን መከላከል ነበር። በ1982 የወጣውና እጅግ ብዙ የተሸጠው ኮሞዶር 64 ግን ፍተሻውን ወደ መውጫው ክፍል መለሰው። የዚህ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ከማሽኑ ውጭ ያለ የጡብ መልክ ያለው ዕቃ ሲሆን፣ 5 ቮልት ቀጥተኛና 9 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያወጣል፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው በጠንካራ ኢፖክሲ ተሞልቶ የታሸገ በመሆኑ ሙቀታቸው መውጫ የለውም፣ ለጥገናም አይከፈቱም። የ5 ቮልቱ ሬጉሌተር በዕድሜና በሙቀት ሲከሽፍ ኤሌክትሪኩን ከማቋረጥ ይልቅ ከልኩ በላይ ያሳልፋል። የዚያ ዘመን ቺፖች የተሠሩት ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ እንዲሠሩ ስለነበረ፣ ከሁሉ አስቀድመው የማስታወሻ ቺፖቹ ይሞታሉ። በአፕል ቱ ውስጥ ሆልት ቮልቴጁ ካለፈ መውጫውን ሆን ብሎ ሾርት በማድረግ ማሽኑን የሚያድን መከላከያ አስገብቶ ነበር፤ የኮሞዶሩ ጡብ ይህ አልነበረውም። ቴስተር ባዶ መውጫ ላይ 5 ቮልት ማሳየቱም ዋስትና አይሆንም፤ ሬጉሌተሩ ከጋለ በኋላ ብቻ የሚከሽፍበት ጊዜ ስላለ፣ ከነጭነቱ ለረዘም ያለ ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። በኮሞዶር ሰብሳቢዎች ዘንድ ዛሬ የጸናው አቋም ከዚህም ያለፈ ነው፦ የመጀመሪያው ጡብ ደኅና ሆኖ ቢለካም ለዕይታ ይቀመጥ እንጂ አይሰካ።

በብሪታንያው ቢቢሲ ማይክሮና በሌሎችም የዚያ ዘመን ማሽኖች ውስጥ ደግሞ ሪፋ የተባለው የስዊድን ኩባንያ የሠራቸው ካፓሲተሮች ይገኛሉ። ከግድግዳው መስመር ላይ የኤሌክትሪክ ሁካታን የሚያጣሩ ሲሆኑ፣ ብረት የተቀባ ወረቀት ብርሃን በሚያስተላልፍ ቢጫ ፕላስቲክ ታሽጎባቸዋል። ፕላስቲኩ በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ ወረቀቱ እርጥበት ይስባል፣ ማሽኑ ሲበራም በደቂቃዎች ውስጥ ክፍሉን የሚሞላ ጢስ ይወጣል። እነዚህ ሳይፈተሹ በጅምላ የሚለወጡ ናቸው።

በ110 ወይም በ120 ቮልት ከሚሠራ አገር ተነሥቶ ወደ 220 ቮልት አገር በሚሄድ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ከአሜሪካ ዕቃ ይዘው ወይም ልከው ለሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። ብዙ የ1980ዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀያየሪያ አላቸው። መቀያየሪያው 115 ላይ ሲሆን የመግቢያው ክፍል ቮልቴጁን በእጥፍ ያሳድጋል፤ በዚህ ሁኔታ ማሽኑ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሶኬት ላይ ቢሰካ 310 ሊሆን የሚገባው ከ600 ቮልት በላይ ይሆንና፣ እያንዳንዳቸው 200 ቮልት ገደማ እንዲችሉ የተሠሩት ሁለት ካፓሲተሮች ይፈነዳሉ። በአገሮች መካከል ያለው የድግግሞሽ ልዩነት ደግሞ የሚጎዳው ትልልቆቹን ማሽኖች ነው። በካሊፎርኒያ ማውንቴን ቪው የሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ካደሳቸው ሁለት አይቢኤም 1401 ማሽኖች አንዱ ከጀርመን የመጣና ለ50 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ ትራንስፎርመሮቹ ለዚያው ድግግሞሽ የተቃኙ ስለሆኑ፣ የአሜሪካውን 60 ኸርዝ ወደ 50 የሚለውጥ መሣሪያ ከፊቱ ማቆም አስፈልጓል።

በዚሁ ሙዚየም ፒዲፒ-1 በታደሰ ጊዜ የፓወር ሰፕላዩን አሮጌ ካፓሲተሮች ከመጣል ይልቅ ቀስ በቀስ ቮልቴጅ እየሰጡ የማደስ መንገድ ተመርጧል፤ የሬዲዮው ዘመን ልማድ በትክክለኛ ቦታው ላይ የዋለበት ምሳሌ ነው። ሁሉም ግን በዚህ አይስማማም። አንዱ ወገን የታደሰ አሮጌ ካፓሲተር ነገ ፈስሶ ሰሌዳውን ሊበላው ስለሚችል መለወጥ አለበት ይላል፤ ሌላው ወገን የተለወጠ ክፍል ሁሉ ከማሽኑ ምስክርነት የተቆረጠ ነው ይላል። ሁለቱን ለማስታረቅ ከሬዲዮ ሰብሳቢዎች የተወረሰ ዘዴም አለ፦ የድሮው ካፓሲተር ቆርቆሮ ተከፍቶ ውስጡ ይወጣና፣ በመጠኑ እጅግ ያነሰው አዲሱ ካፓሲተር እዚያው ተከቶ መልሶ ይታሸጋል። ለዓይን የሚያምረው ይህ ሥራ ለታሪክ ተመራማሪ ግን ማሳሳቻ ነው፤ ከውጭ የ1960 የሚመስለው ክፍል ውስጡ የዚህ ክፍለ ዘመን ሊሆን ስለሚችል፣ የተለወጠው ነገርና የተለወጠበት ቀን በማሽኑ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር፣ የወጣውም ክፍል ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ ብዙ ጠባቂዎች ይጠይቃሉ።